ጆሮ ያለው እግር

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቆመው ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የሚያስተምሩት ትምህርት ስሙ ራሱ አቋቋም ነው፤ ከበሮው እየተመታ፣ ጸናጽሉ እየተንሿሿ፣ መቋሚያው ከፍ ዝቅ እያለ ሌሊቱ በቁም ይነጋል። ጣና ዳር ባለው ደብራቸው ከእሳቸው ዘንድ ሳይማር ለማሕሌት የሚቆም ሰው ካለ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ቆመ አይባልም፤ ተገተረ ነው የሚባል። ቤት ገብተው እንኳ አንዱን ከአንዱ ሲያነሡ፣ ደጅ ሲወጡ ሲገቡ፣ የቀረበላቸው ወጥ ይቀዘቅዛል። ሚስታቸው ሙሉነሽ በተጋቡ ሰሞን "ይኸ ሰው መቀመጥ አያውቅም እንዴ?" ብላ እናቷን ጠይቃ ነበር። እናቷም "የሚቀመጥ ባል ሞልቷል፤ አንቺ የሚቆም ደርሶሻል፤ ዝም ብለሽ ያዥ" አሏት። ሙሉነሽ ዝም ብላ ያዘች። ዝምታውንም ከዚያ ወዲያ ለመደችው።

ያን ሁሉ መቆም ያስቀረው አንድ ባጃጅ ነው። መሪጌታ ከባሕር ዳር የንግሥ በዓል ሲመለሱ የተሳፈሩበት ባጃጅ ከቦይ ገባና የቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ፤ አጥንቱ ቆዳውን ወግቶ ወጥቶ አፈር ነካ። ታከሙ፣ ጀሶ ታሰረላቸው፣ ላዩ ዳነ። ውስጡ ግን አልዳነም። ከጊዜ በኋላ ቅልጥማቸው ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ተከፈተችና መግል ታወጣ ጀመር። ትደርቃለች ሲሏት ታብጣለች፣ ጠፋች ሲሏት ትመለሳለች።

ቁስሉ የሚያዥ ሰው በቤተ ክርስቲያን ልማድ ለማሕሌት አይቆምም። መሪጌታ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስለዚህም ለማንም አልተናገሩም። እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቀሚሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ወትሮው ይቆሙ ነበር። ሙሉነሽን "ሙሉ፣ ይኸን ነገር አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቅ" አሏት፤ እሷም አፏን ዘጋች። ጨርቁን ጨው በገባበት ፍል ውሃ እያጠበች ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ታሰጣዋለች። ጎረቤት "ምንድን ነው እሱ?" ሲላት "የጠላ ማጥለያ ነዋ" ትላለች። የሚያሳዝነው ነገር ሁሉም ያምናት ነበር።

በዚህ መልክ ስንት ዓመት እንደሚዘለቅ እግዜር ይወቅ፤ አንድ ቀን በደብሩ ዓመታዊ በዓል ላይ፣ ሽብሸባው ደምቆ ሳለ፣ መሪጌታ እንደተቆረጠ ግንድ ወደቁ። ሰው ሊያነሣቸው ቀሚሳቸውን ገልጦ ያየውን አየ። ልጃቸው ጸሎት ባሕር ዳር ኮሌጅ መምህርት ናት፤ ወሬው በደረሳት ማግስት በጀልባ መጥታ ሁለቱንም ወሰደቻቸው። ጀልባው ላይ ለአባቷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ወደ እናቷ ዞር ብላ ብቻ "እማዬ፣ አንቺ እንኳ?" አለች። ሙሉነሽ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ያቺ ጥያቄ ከማንኛውም ስድብ በላይ አመመቻት።

የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ቢያዝን ይባላል፤ አዲስ አበባ ያደገ፣ ፈገግ ማለት የሚወድ ወጣት ነው። የመሪጌታን እግር የራጅ ፎቶ ሲያይ ግን አልሣቀም።

"አባቴ፣ የቅልጥምዎ አጥንት መሀሉ በስብሷል። ተቆርጦ መውጣት አለበት። ሲወጣ ደግሞ ይህን የሚያህል ክፍተት ይተዋል" ብሎ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘረጋ። "ድሮ ቢሆን እግሩን እንቆርጥ ነበር። አሁን ግን አንድ መንገድ አለን።"

ከዚያ በሚገባ አማርኛ አስረዳቸው። በመጀመሪያ የበሰበሰው ተጠርጎ ይወጣል፤ በቦታው መድኃኒት የተለወሰበት ሲሚንቶ ይገባል፤ እግሩ እንዳያጥር ከውጭ በብረት ይወጠራል። ቁስሉ ሲጠራ ኮምፒውተሩ ደህናውን እግር አይቶ የጎደለውን አጥንት መልክ ይሥላል። ሥዕሉ ውጭ አገር ይላካል፤ እዚያ ያለ ማሽን የብረት ዱቄት በብርሃን እያቀለጠ፣ ንብብር በንብብር እየደረበ፣ ልክ በእሳቸው መጠን አጥንቱን ያትመዋል።

"ያትመዋል?" አሉ መሪጌታ። "እንደ መጽሐፍ?"

"እንደ መጽሐፍ፣ አባቴ። ልዩነቱ አንድ ቅጂ ብቻ ነው የሚታተመው፤ ለእርስዎ ብቻ።"

ዶክተሩ ከመሳቢያው በፕላስቲክ የታተመ ማሳያ አውጥቶ ሰጣቸው። መሪጌታ በመዳፋቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ለሙሉነሽ አቀበሏት። ቀላል ነገር ነው፤ ጎኑ ሁሉ ቀዳዳ ቀዳዳ።

"የማር እንጀራ ይመስላል" አለች ሙሉነሽ።

"ልክ ነዎት፣ እናቴ። ቀዳዳው ለአጥንቱ ነው። ከዳሌያቸው ጥቂት አጥንት ወስደን፣ ፈጭተን እንሞላበታለን። አጥንቱ በየቀዳዳው እየገባ ያድግና ከብረቱ ጋር አንድ ይሆናል።"

"ንቦቹ ታዲያ እነማን ናቸው?" አሉ መሪጌታ።

"እርስዎ ራስዎ ነዎት። ንቡ ሲሠራ ግን ቀፎውን የሚነቀንቅ ሰው መኖር የለበትም።" ዶክተሩ እዚህ ላይ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ። "ይህ እግር እኔ ቁም እስክለው ድረስ መሬት አይረግጥም። ከረገጠ ቦታው ይለቃል፤ ቦታው ከለቀቀ የታተመው ብረት አይገጥምም፤ ቁስሉም ሊያገረሽ ይችላል። ያን ጊዜ ከመቁረጥ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።"

መሪጌታ እግራቸውን አዩ። "በአንድ እግር አቋቋም አይቆምም፣ ዶክተር" አሉ ቀስ ብለው። "የምትለኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።"

ጸሎት በደስታ አለቀሰች። ዶክተሩ እጃቸውን ጨበጠ። ሙሉነሽ ብቻ በሆዷ "ቁጭ ብለው? እርስዎ?" አለች።

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በሰላም አለቀና ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለው ዘንዘልማ፣ ልጃቸው ጸሎት ዘንድ ገቡ። ዘንዘልማ ትናንት የጤፍ ማሳ፣ ዛሬ ሰፈር የሆነ ቦታ ነው፤ ግማሹ ቤት አልቆ ሰው ይኖርበታል፣ ግማሹ ገና ፌሮውን ወደ ሰማይ አውጥቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። መሪጌታ ከመስኮቱ ሥር በተዘረጋላቸው አልጋ ጫፍ ተቀምጠው፣ ከእግራቸው የወጡትን ዘንጎችና ብሎኖች ያዩና "የእኔም እግር እንደ ዘንዘልማ ቤት ፌሮ አወጣ" ይላሉ። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ይሥቃል። ሙሉነሽ ጠዋት ጠዋት ብሎኖቹ ቆዳ የገቡበትን ቦታ በታዘዘው መድኃኒት ትጠርጋለች። አሁን ጨርቁን ከጓሮ አትደብቅም፤ ፊት ለፊት፣ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ላይ ታሰጣዋለች። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሰውን ያስደስታል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

መሪጌታም ቃላቸውን ጠበቁ። ለመጸዳጃ እንኳ በክራንች፣ በአንድ እግር ነው። "አየሽ፣ መቀመጥ ቻልሁ" ይሏታል፤ እሷም "እውነትም አረጁ" ትላቸዋለች። ዶክተሩ ደውሎ ቁስሉ ስለጠራ አጥንቱ ታትሞ እየመጣ ነው አለ። እንዲህ ባለ ደህና ጊዜ ነው ነገር የሚመጣው።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ጸሎት ለቅዳሴ ሄዳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከማዶ፣ ከአዲሶቹ ቤቶች ጀርባ ነው፤ ሞንታርቦው ግን ቤት ውስጥ ያለ ያህል ይሰማል። ሙሉነሽ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። መሪጌታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይከተላሉ። ካህኑ ጸለየ፣ ሕዝቡ መለሰ። ከዚያ የዲያቆኑ ድምፅ ሰፈሩን ሰንጥቆ መጣ፦

"ተንሥኡ ለጸሎት!"

ሙሉነሽ ምስሩን አስቀምጣ ተነሣች፤ ይህ ጥሪ ሲሰማ የሚቀመጥ የለም። ተነሥታም በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። መሪጌታ ቆመዋል። በሁለት እግራቸው፣ ቀጥ ብለው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ አገጫቸው ቀና ብሎ ቆመዋል። ባጃጁ ከገለበጣቸው ጀምሮ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ፊታቸው የሠርጋቸውን ሰሞን ፊት መሰላት። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ያውም ልትጮህ እስኪቃጣት ድረስ። ደስታዋ እንዳለ ነው እግራቸውን ያየችው።

"መሪጌታ!"

ዐይናቸውን ገለጡ። ወደ እሷ አዩ፣ ወደ እግራቸው አዩ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ሮጣ ገብታ ብብታቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ላብ አጥምቋቸዋል።

"ቀጭ ያለ መሰለኝ" አሉ። "ሙሉ፣ እኔ አልቆምሁም። እግሬ ነው የቆመ። እኔ አላዘዝሁትም።"

"አመመዎት?"

"ጥቂት ነው። ይተወኛል።" እጇን ያዙ። "ሙሉ፣ አላየሽም።"

"አይቻለሁ እንጂ።"

"አላየሽም ነው የምልሽ። ዶክተሩ የተናገረውን ሰምተሻል። ከነገርነው ይቆርጠኛል። ለጸሎትም አትነግሪ። ነገሩ ምንም ላይሆን ይችላል። አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቅ።"

እነዚያኑ ቃላት ነበር ድሮም ያሏት። ሙሉነሽ እጇን ሳታስለቅቅ ከጎናቸው ተቀመጠች። ባሏን ትወዳለች፤ ይህን ማንም አይነግራትም። በትዳራቸው ሁሉ አንድ ቀን ከቃላቸው ወጥታ አታውቅም። እሳቸውንም ይህን ያህል ፈርተው አይታቸው አታውቅም፤ የፈራን ሰው ደግሞ አሳልፎ መስጠት ከባድ ነው። ነገር ግን የጌሾውን ሥር አሰበች፣ "የጠላ ማጥለያ" ማለቷን አሰበች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ደግሞ የሌላ ሰው በሽታ ነበር የደበቀች። "እማዬ፣ አንቺ እንኳ?" የሚለው የልጇ ድምፅ መጣባት።

ጸሎት ከቅዳሴ ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ሙሉነሽ በመሪጌታ ፊት፣ ከኋላቸው ሳይሆን በፊታቸው፣ "ጸሎት፣ አባትሽ በታመመው እግራቸው ቆመዋል። ለዶክተሩ ደውይ" አለች።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ባጃጁ ውስጥ አላናገሯትም። ፎቶው ተነሥቶ እስኪመጣ አላናገሯትም። የታተመው አጥንት በአንዲት ነጭ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ዶክተር ቢያዝን አዲሱን ፎቶ ከአሮጌው ጎን አድርጎ አየ፣ ደግሞ አየ።

"ምን አስነሣዎት፣ አባቴ?"

"ተንሥኡ አሉ።"

"ማን?"

"ዲያቆኑ።"

ዶክተሩ አፉን ከፍቶ ሊቆጣ ነበር። ግን እሱም የሰንበት ተማሪ የነበረ ሰው ነው መሰል አፉን መልሶ ገጠመ። "የሞንታርቦው ነገር እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ" አለ ለራሱ። ከዚያ ጣቱን ፎቶው ላይ አኖረ። "የውጭው ብረት ተንሸራቷል፤ እግሩም ጥቂት ወደ ውስጥ ገብቶ አጥሯል። ይህ የታተመው ብረት የተሠራው ለቀድሞው ክፍተት ነው፤ አሁን ባለበት አይገባም።"

ጸሎት ወንበሩን ጨበጠች። መሪጌታ "ይቆረጣል?" አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

"ባትነግሩኝ ኖሮ እግሩን ከፍቼ፣ ብረቱ አልገባ ሲለኝ ነበር የማውቀው። ያን ጊዜ ምን እንደምል አላውቅም። ደግነቱ አሁን ጊዜ አለን። ደምዎም ንጹሕ ነው፤ ቁስሉ አላገረሸም። እነዚህን ብሎኖች ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት እያዞርን እግሩን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን።" አንዲት ትንሽ መፍቻ አነሣ። "ማን ነው የሚያዞረው?"

"እኔ" አለች ሙሉነሽ፣ ጸሎት ሳትቀድማት።

"ጆሮዎንስ ምን እናድርገው፣ አባቴ? በቅዳሴ ሰዓት ጥጥ ብንወትፍበት?"

"ጆሮዬን ብትደፍነው እግሬ ይሰማል" አሉ መሪጌታ። ቀልዳቸውን አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ሙሉነሽ ብሎን ማዞር ጀመረች። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከራት በኋላ፣ ከአልጋው ሥር ዝቅ ብላ፣ መነጽሯን አድርጋ ታዞራለች። መሪጌታ ግድግዳውን ያያሉ። "አመመዎት?" ስትላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዝምታ የእሷ ሙያ ነበር፤ አሁን እሳቸው ሲወስዱባት ቤቱ ጠበባት። አንድ ቀን ግን መፍቻዋን ገና ብሎኑ ላይ ስታሳርፍ ከወደ ራስጌ ድምፅ መጣ።

"ወደ ቀኝ ነው የምታዞሪው ወይስ ወደ ግራ?"

"ወደ ቀኝ።"

"ዶክተሩ ወደ ቀኝ ነው ያለው?"

"ይተዉኝ እንጂ መሪጌታ፤ እኔ የእርስዎን ዜማ አርሜ አውቃለሁ?"

እስትንፋሳቸው እንደ ሣቅ ብጤ ሆነ። "ሚስት አገባሁ ብዬ መካኒክ ነው ያገባሁ።" ትንሽ ቆይተው ግን ድምፃቸው ወረደ። "ለምን ነገርሽ፣ ሙሉ?"

ሙሉነሽ መፍቻዋን አስቀመጠች። የመጣላትንም ተናገረች።

"ባለፈው ዝም ብዬ አጥንትዎ ተበላ። እኔ ነኝ ያስበላሁት። ደግሞ ያን ቀን በመስኮት ቆመው ሳይዎት ደስ አለኝ፤ እንዴት እንዳማረብዎት እርስዎ አላዩትም። ያን ደግሜ ማየት ፈለግሁ። ለዚህ ነው የነገርሁ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ።"

መሪጌታ ከግድግዳው ወደ እሷ ዞሩ። እጃቸውን ዘርግተው መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ አነሡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉላት። "በይ አዙሪ" አሉ። "እንዳትስቺ።"

የሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ተጨነቀ። ጸሎት "መስኮቱን እንዝጋው" አለች። ሙሉነሽ "ወደ ውስጠኛው ክፍል ብንወስዳቸውስ?" አለች። ጸሎት ደግሞ የደብሩን አለቃ ሞንታርቦውን ዝቅ እንዲያደርጉ ልለምን ስትል መሪጌታ ተቆጡ፤ "ለእኔ ቅልጥም ሲባል ቤተ እግዚአብሔር ዝም ይበል?" አሉ። ቅዳሴው ገባ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ሙሉነሽ እሳቸውንም እግራቸውንም አላመነችም። ሄዳ ከኋላቸው ቆመች፤ መዳፏን ቀኝ ትከሻቸው ላይ አሳረፈች።

"ተንሥኡ ለጸሎት!"

ትከሻቸው ከመዳፏ ሥር ሽቅብ ሲመጣ ተሰማት። በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው።

"ይቀመጡ" አለች በጆሯቸው። "እኔ ለሁለታችን ቆሜአለሁ።"

"ለሁለት ሰው ይቆማል እንዴ?"

"እርስዎ ስንት ዘመን ሙሉ ለደብሩ ሰው ሁሉ ቆመው የለ?"

ትከሻቸው ቀስ እያለ ላላ። ሕዝቡ ሲመልስ አብረው መለሱ፤ እሳቸው ተቀምጠው፣ እሷ ቆማ። በቤተ ክርስቲያን እሳቸው በወንዶች በኩል፣ እሷ በሴቶች በኩል ናቸውና በትዳር ዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን ሆነው አስቀድሰው አያውቁም። ሙሉነሽ ይህን ያሰበችው ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ነው። እጇ ደንዝዟል፤ ቢሆንም ለማንሣት አልቸኮለችም።

እግሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። የቀዶ ጥገናው ዕለት ሙሉነሽ የመሪጌታን መቋሚያ ታቅፋ ከበሩ ላይ ዋለች። ጸሎት ውሃ ብታመጣላት አልጠጣችም፣ ተቀመጪ ብትላት አልተቀመጠችም። በመጨረሻ ዶክተር ቢያዝን አረንጓዴ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ።

"ገጠመ" አለ።

ሌላም የተናገረው አለ፤ ሙሉነሽ የሰማችው ግን ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀድሞ በሁለት እጁ ያዛት፤ መቋሚያው መሐላቸው ወድቆ ኮሪደሩ አስተጋባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የትዕግሥት ነው። አጥንት እንደ ባጃጅ አይቸኩልም። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ዶክተሩ እንቁላልና ወተት አዘዘ፤ መሪጌታ አሻፈረኝ አሉ፤ የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ክርስቶስ መጥተው ፈቀዱላቸው፤ ፈቅደውም መሪጌታ ሲያቅማሙ ቢያዩ አዘዙዋቸው። መሪጌታ ፊታቸውን ከሰው መልሰው እንቁላሏን ይውጡና "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል በማን እግር እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ" ይላሉ። በጾሙ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ በየቀኑም ይሰማል። ዲያቆኑ በጠራ ቁጥር የሙሉነሽ መዳፍ ከትከሻቸው አይጠፋም። ወጥ እያማሰለች እንኳ ቢሆን ጥላ ትመጣለች። መጀመሪያ መጫን ነበረባት፤ እየቆየ ማሳረፍ ብቻ በቃት። አንዳንዴ ብትዘገይ መሪጌታ ትከሻቸውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገው ይጠብቋታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዶክተር ቢያዝን ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ጠራቸው። የብረቱ ቀዳዳዎች ጥርት ብለው ይታዩ የነበሩበት ቦታ ሁሉ እንደ ወተት ነጥቷል።

"አባቴ፣ ንቦቹ ሠርተዋል" አለ። "አሁን መቆም ይችላሉ።"

መሪጌታ ያን ጊዜ በዶክተሩ ፊት፣ በክራንች ተደግፈው ቆሙ፤ ጥቂት ተራመዱም። ሙሉነሽ አየች፤ ደስም አላት። ግን ያ በመስኮት ያየችው አልነበረም። ሐኪም ፊት የቆመ ሰው ይህ እግር ምን ሊሆን ነው እያለ ነው የሚቆመው።

ወደ አገራቸው የተመለሱት መስከረም ሲጠባ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን ግማሽ ድረስ ውጦታል። በመጀመሪያው እሑድ ወደ ደብራቸው ሄዱ። ሰው ሁሉ መሪጌታን እየሳመ፣ እግራቸውን አሳዩን እያለ መንገድ ዘጋባቸው። ለጊዜው ቅኔ ማሕሌት ውስጥ አይጋፉ ተብሎ በዐፀዱ፣ ከዋርካው ሥር፣ በወንዶች በኩል በርጩማ ተቀመጠላቸው። ሙሉነሽ ወንዱንና ሴቱን ከምትለየው መንገድ ወዲህ በሴቶች በኩል ሆነች። እንደ ድሮው፣ እያንዳንዱ በቦታው።

ቅዳሴው ገባ። ዲያቆኑ ወጣ።

"ተንሥኡ ለጸሎት!"

ዐፀዱ ሁሉ ተነሣ። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ልጅ ያዘለችው ሳትቀር ተነሡ። አንድ ሰው ብቻ አልተነሡም። ሙሉነሽ በሰው መሐል አሾልካ አየች፤ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ቀኝ ትከሻቸው ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። አጠገባቸው የቆመው ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተንቀሳቀሱም።

ሙሉነሽ ሣቅም እንባም በአንድ ላይ መጣባት። ያ ማንም ሊያስቀምጠው ያልቻለ እግር የእሷን መዳፍ እየጠበቀ ነው። መሐል መንገዲቱን ተሻገረች። አንዲት አሮጊት "ወዴት ነው እቴ?" ብለው ነጠላዋን ጎተቷት፤ አልሰማቻቸውም። በወንዶቹ መሐል እየተሽሎከለከች ሄዳ ከኋላቸው ደረሰችና እጇን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። ዐይናቸውን ሳይገልጡ ፊታቸው ፈካ።

"መሪጌታ፣ ይነሡ እንጂ" አለች በጆሯቸው።

"ፈቀድሽ?"

"ፈቀድሁ።"

እጇን ከትከሻቸው አውርዳ ከብብታቸው ሥር አገባች። መሪጌታ በሁለት እግራቸው ተነሡ፤ ቀጥ አሉ፤ አገጫቸው ቀና አለ። ሙሉነሽም ወደ ሴቶች በኩል ሳትመለስ ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ከጎናቸው ቆመች።